ኤልሳዕን ማን ይጥራው?
ስለ ጸሎት፣ ስለ መሪ ማፍራትና ስለ ማበረታታት የተደረገ የሕዝብ ንግግር



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ ጸሎትን፣ መሪ ማፍራትንና ማበረታታትን አንድ ላይ አስቀምጧል። በየአጥቢያችን ግን ሦስቱ የሚኖሩት ተለያይተው ነው። ጸሎቱ ለጸሎት ቡድኑ ይሰጣል። መሪ ማፍራቱ በዓመት አንዴ አዳራሽ ተከራይተን ለምናደርገው ሥልጠና ይተዋል። ማበረታታት የማንም ድርሻ ስላልሆነ፣ አንድ አገልጋይ ታምሞ ወይም ተቀይሞ ከቀረ በኋላ ነው ትዝ የሚለን። እኔ ዛሬ የምለው ሦስቱ አንድ ሥራ ናቸው ነው። ሰዎች አብረው ሲጸልዩ ማን ምን ሸክም መሸከም እንደሚችል ይታያል። ሸክሙ የተሰጠው ሰው እየተሸከመ መሪ ይሆናል። ከጎኑ የሚደግፈው ካለ ደግሞ ይጸናል። አንዱ ሲጎድል የቀሩትም አይሆኑም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይዤ ልነሣ፤ አንደኛ ነገሥት 19ን። ኤልያስ ከዚህ በፊት ባለው ምዕራፍ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ጸልዮ እሳት ያወረደ፣ የበኣልን ነቢያት ያሳፈረ ሰው ነው። እዚህ ሲደርስ ግን የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ይሸሻል። ቤርሳቤህ ላይ ብላቴናውን ይተውና የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ብቻውን ይገባል። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ይለምናል። ልብ በሉ፣ ልመናውም ጸሎት ነው። የደከመ አገልጋይ መጸለዩን ላያቆም ይችላል፤ የሚለምነው ነገር ነው የሚለወጠው። ከውጭ የሚያየው ሰው ዛሬም እንደ ትናንቱ ተንበርክኮ ስለሚያገኘው ደኅና ነው ብሎ ያልፋል።

መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም፣ ስለ እምነት ማነስም አላስተማረውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀሰቀሰው፣ እንደገና በላ። ይህን ክፍል ስንሰብክ ቶሎ አልፈነው ወደ ነፋሱ፣ ወደ መናወጡና ወደ ለስላሳው ድምፅ እንሮጣለን። እኔ ግን እንጎቻው ላይ ትንሽ ብንቆይ ደስ ይለኛል። አንድ ወንጌላዊ የቤት ኪራይ ሦስት ወር አልፎበት የጾም ጸሎት ፕሮግራም እንዲመራ እየጠየቅን፣ ፊቱ ለምን ጠቆረ ብለን የምንገረም ሰዎች ነን።

ኤልያስ ኮሬብ ደርሶ ብቻውን እንደቀረ ሁለት ጊዜ ያማርራል። የሚሰጠው መልስ የሦስት ሰዎች ስም ነው፤ አዛሄል፣ ኢዩ፣ ኤልሳዕ። ሂድና ቀባቸው ይባላል፤ ሦስተኛው በእርሱ ፋንታ ነቢይ የሚሆነው ነው። ከዚያ በኋላ ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ይነገረዋል። እንግዲህ ነቢዩ ብቻዬን ነኝ ሲል ሰባት ሺህ ሰው በአገሩ ነበረ። ከእነዚህ ስንቱን በስም ያውቅ ነበር? በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ "ሰው የለንም" የሚባለውን ያህል የተደጋገመ ቃል ያለ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውስ አለ። የጎደለው የሚያውቀውና የሚጠራው ነው። ኤልያስም ኤልሳዕን ያገኘው በጸሎት ቤት አልነበረም። አሥራ ሁለት ጥማድ በሬ በተሰለፈበት እርሻ ላይ፣ ከአሥራ ሁለተኛው ጥማድ ጋር ሲያርስ አገኘውና መጎናጸፊያውን ጣለበት።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌል ድርጅት በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ ወርዶ በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገሩን ይዞ ስለነበረ፣ ሚስዮናውያኑ ለቅቀው ወጡ። ወላይታ ላይ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በወላይትኛ የታተመው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት፣ ማንበብ የሚችለውም ሰው ጥቂት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝና ወደ 100 የሚደርስ አጥቢያ ነው። ይህ ማኅበረሰብ ዛሬ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከምንላት ዋና ዋና ሥሮች አንዱ ነው።

ታሪኩን ከነገሩን ሰዎች ብዙዎቹ ከቁጥሩ አያልፉም። አርባ ስምንት ነበሩ፣ አሥር ሺህ ሆኑ፣ ሃሌ ሉያ፣ አለቀ። እኔም ከእነርሱ ጋር ሃሌ ሉያ እላለሁ፤ ግን እንዴት የሚለውን ጥያቄ መዝለል ለእግዚአብሔርም ለእነዚያ ሰዎችም ክብር አይጨምርም። መሬቱ ቀድሞ መለስለስ ጀምሮ ነበር። ሚስዮናውያኑ ከመምጣታቸው በፊት ኢሳ ላሌ የተባለ ሰው ከጋሞ ተነሥቶ ሕዝቡ ጣዖቱን ትቶ ወደ አንዱ ፈጣሪ እንዲጸልይ ሲያስተምር፣ ቃሉ ወላይታም ደርሶ ነበር። ሚስዮናውያኑ ከወጡ በኋላ ደግሞ የሚያስተምረው ያው የአገሩ ገበሬ ሆነ። ትናንት የተማረውን ዛሬ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ እስኪመጣ የሚጠብቅበት ጊዜም ምክንያትም አልነበረውም።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ወንዳሮ ዳባሮ ነው። በጣሊያን ዘመን ታስሯል፣ በሕዝብ ፊትም ተገርፏል። ሌሎችም አብረውት ታስረዋል። በዚያን ዘመን ወኅኒ ቤት ያለ ሰው የሚበላው ዘመድ ስንቅ ሲያመላልስለት ነበር፤ ለእነዚህ እስረኞች ስንቅ ያመላልሱ የነበሩት ከአንድ ጎሳም ከአንድ ቤትም ያልተወለዱ አማኞች ነበሩ። ቆሞ የሚያየው ሰው ስብከቱን ላይሰማ ይችላል፤ ማን ለማን ምግብ ይዞ እንደሚሄድ ግን ያያል። የኤልያስ እንጎቻ ብዬ ያቆየሁት ነገር ይኸው ነው። ከወኅኒ የሚወጣው መሪም ወደ አገልግሎቱ የሚመለሰው ትቶት የሄደውን ቤተሰብ ማን እንዳበላለት እያወቀ ነው።

በኋላም የወላይታ አማኞች ከመካከላቸው ወንጌላውያን እየመረጡ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ሌሎች አጎራባች ሕዝቦች ሲልኩ ይህን ልማድ ይዘው ነው የቀጠሉት። ወንጌላዊው ብዙ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወባ ወዳለበት ቆላ ይወርዳል። የላኩት ሰዎች ከራሳቸው አዋጥተው ጥቂት ገንዘብ ይሰጡታል፣ ስሙን እየጠሩ ይጸልዩለታል። የወንጌላውያኑ ሚስቶች በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይገኝም። በማያውቁት ቋንቋ መካከል ቤት አቁመው፣ እንግዳ ተቀብለው፣ ልጅ ቀብረው የኖሩት ግን እነርሱ ናቸው። መሪ ማፍራት ስንል እነርሱን ካልቆጠርን ቁጥራችን ከመነሻው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ እኛ ዘመን ይጠጋል፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በዓይኑ ያየው ሰው ሊኖር ይችላል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ጥር ላይ በደርግ መንግሥት ተዘጋች። ሕንፃዎቿ ተወሰዱ፣ ንብረቷና የባንክ ሒሳቧ ተያዘ፣ ዋና ዋና መሪዎቿ ታሰሩ፤ ከአራት ዓመት በላይ በእስር የቆዩም ነበሩ። በዚያን ጊዜ 14 አጥቢያዎችና ወደ 5,000 የሚጠጉ አባላት ነበሯት። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ50 በላይ አጥቢያዎችና ወደ 34,000 የሚደርሱ አባላት ይዛ ወደ አደባባይ ወጣች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ካሉት የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያኖች ኅብረት አባላት መካከል በብዛት የምትቀድመው እርሷ ናት።

እንዴት ሆነ ለሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ግልጽ የሆነ የአሠራር መልስ አለ። ሕዝቡ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መገናኘት ጀመረ። ብዙ ሰው ከተሰበሰበ ጎረቤት ይጠረጥራል፣ ቀበሌ ይሰማል፤ ስለዚህ ከአምስት፣ ከስድስት፣ ከሰባት ሰው ማለፍ አይቻልም ነበር። መዝሙሩ በሹክሹክታ፣ ጸሎቱ በዝግታ፣ ቡናው ደግሞ እውነተኛ ቡና ነበር፤ ማንም በር ቢያንኳኳ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ነው የሚያገኘው። ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ መከፈሉ እንደማይቀር ከታወቀ ሁለተኛው መሪ ከመከፈሉ በፊት ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። ዛሬ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ቤት ቃሉን እንደሚከፍት ያውቃል፤ የሚያስተምረውም ሰው ይህንኑ እያሰበ ያስተምረዋል። የምረቃ ምስክር ወረቀት የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጸሎቱን አንቺ ትመሪያለሽ ይባላል፣ እርሷም ትመራለች።

አንቺ ያልኩት በምክንያት ነው። አምልኮው ከመድረክ ወደ ቤት ሲወርድ የቤቱ ባለቤት ሴቶች ሆኑ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን ከሥራ እንደተባረረ ያውቃሉ። ሴት ስለሆነች ብዙም የማይጠረጥሯት አገልጋይ መልእክት ይዛ ከሰፈር ሰፈር ትሄዳለች። ጸሎቱ በስምና በጉዳይ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰባት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ አንዷ ዝም ካለች ዝምታዋ ይሰማል፤ ከሁለት ሺህ ሰው መካከል ግን የአንድ ሰው ዝምታ ማንም ጆሮ አይደርስም።

ስደት የሥልጠና ዘዴ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ተረዱልኝ። በዚያው ዘመን የተገደሉ አሉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታስረው ተሠቃዩ። በፍርሃት የራቁ፣ ልባቸው ተሰብሮ ያልተመለሱም አሉ፤ እነርሱን የሚቆጥራቸው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ነጻነት ሲመጣ ስደት ያስገደደንን መልካም ልማድ ይዘን ልንወጣ እንችል ነበር። ግን አዳራሹ ተመለሰልን፣ ድምፅ ማጉያው ተገዛ፣ መድረኩ ከፍ አለ። የመድረኩ ከፍታ ሲጨምር ከሥሩ ያለውን ሰው በስም ማወቅ ከባድ ይሆናል። አሁን በብዙ ከተሞች አንድ ባለ ራእይ መሪ፣ አንድ ፖስተር፣ አንድ ማይክሮፎን አለ። ጸሎቱንም እርሱ ይጸልያል፤ እኛ ተሰልፈን እጁ እስኪደርሰን እንጠብቃለን። እንዲህ ያለው ሰው ሲደክም ክትክታው ሥር መቀመጡን የሚያይለት የለም፤ ብላቴናውን እንደ ኤልያስ ቀድሞ ትቶታል።

ይህ ችግር የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ መልሱም እንደዚሁ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ከእነዚህ ሁሉ የቆየ ልምድ አለው። ከየኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ተማሪ ንባቡን ሲያጠና ከእርሱ በታች ያለውን ፊደል ቆጣሪ ያስቆጥራል፤ ዜማው ላይ ሲደርስ ንባብ ያስተምራል። ለማስተማር መጨረስን አይጠብቅም። መምህሩ ብቻውን ያንን ሁሉ ተማሪ ሊያዳርስ አይችልም፤ ስለዚህ የተማረ ሁሉ መልሶ ያስተምራል። ተማሪው ደግሞ የሚኖረው በመንደሩ ሰው ቁራሽ ነው። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ደጃፍ ላይ ሲቆም እንጀራ የምትሰጠው እናት ነገ ቅዳሴ የሚመራውን ቄስ እያሳደገች ነው፤ ይህን ስታስብበት ባትውልም።

ወደ አዲስ ኪዳን ልመለስና ስለ በርናባስ ጥቂት ልበል። ሳውል ከደማስቆ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ሁሉም ፈሩት፤ ወስዶ ከሐዋርያት ጋር ያገናኘው በርናባስ ነው። በአንጾኪያ ሥራው ሲሰፋበት ደግሞ እስከ ጠርሴስ ሄዶ ፈልጎ አመጣው። ከሐዋርያት ሥራ 13 ጀምሮ የስማቸውን ቅደም ተከተል ተከታተሉ። መጀመሪያ በርናባስና ሳውል ይላል። ምዕራፉ ሳያልቅ ጳውሎስና በርናባስ ይሆናል። በርናባስ በዚህ ቅር ስለመሰኘቱ አንድም ቃል የለም። ሰውን የማበረታታት ዋጋው ይህ ይመስለኛል፤ ያበረታታኸው ሰው ሊቀድምህ ይችላል። ይህን ለመክፈል ያልተዘጋጀ መሪ ሥልጠና ያዘጋጅ ይሆናል፣ የሠለጠነውን ሰው ግን ቦታ አይሰጠውም።

በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ የአንጾኪያ አጥቢያ አምስት ነቢያትና መምህራን በስም ተጽፈዋል። ሲጾሙና ሲያመልኩ ሁለቱ እንዲለዩ መንፈስ ቅዱስ ተናገረ። ጾመው ጸለዩ፣ እጃቸውን ጭነው አሰናበቷቸው። ከአምስት ሁለት ማለት ትልቅ ጉድለት ነው፤ ያውም ከሁሉ የላቁትን ሁለቱን። ጸሎታችን ሰው እንዲጨምርልን ብቻ ከሆነ ከአንጾኪያው ጸሎት ጋር አይገጥምም። እኛ አንድ ጥሩ መዘምር ወደ ሌላ አጥቢያ ሲሄድ ተሰረቀብን የምንል ሰዎች ነን።

ከዚያ ደግሞ ማርቆስ አለ። በመጀመሪያው ጉዞ ከጵንፍልያ ጥሏቸው ተመለሰ። ጳውሎስ ዳግመኛ ይዞት ለመሄድ እምቢ አለ፤ በርናባስ ደግሞ ይዞት ካልሆነ አልሄድም አለ፤ እስኪለያዩ ድረስ ተጣሉ። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደነበረ ሉቃስ አይፈርድም፤ እኔም አልፈርድም። ጳውሎስ ግን በመጨረሻ ዘመኑ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ጠቅሶ አምጣልኝ ይላል። ከጥሉ በኋላ ማርቆስን ይዞ የሄደው በርናባስ ነበር። የወደቀ ወጣት አገልጋይ ሲኖረን ጳውሎስም በርናባስም ያስፈልጉናል፤ መሥፈርቱን የማይጥለው አንዱ፣ ሰውየውን የማይጥለው ሌላው። ሁለቱን አንድ ሰው ላይ መፈለግ ግን ብዙም አያዋጣም። ስለዚህ ነው ሽማግሌዎች በቁጥር ብዙ የሚሆኑት።

ማበረታታት ማመስገን ብቻ እንዳይመስለንም እፈራለሁ። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ ነበር፣ እውቀቱ ግን ጎደሎ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ በምኵራብ ሲናገር ሰሙት፤ በሰው ፊት አላረሙትም፣ ዝምም አላሉም። ወደ ራሳቸው ወስደው በጥንቃቄ አስረዱት። ድንኳን ሰፊ ባልና ሚስት ናቸው። ዛሬ ወጣቱ ሰባኪ ሲሳሳት ወይ በማኅበራዊ መገናኛ ይወረድበታል፣ ወይ "ተባረክ፣ ግሩም ነበር" ተብሎ ይሸኛል። ሁለቱም ምሳ ከመጋበዝ የቀለሉ ናቸው።

በውጭ አገር ስለሚኖሩት ወገኖቻችንም አንድ ነገር ላንሣ። በአሜሪካ የሁለት ፈረቃ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ከሌሊቱ መጨረሻ ላይ በስልክ መስመር ተገናኝተው ሲጸልዩ ሰምታችሁ ይሆናል። በዐረብ አገሮች ደግሞ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲያገኙ፣ ሳያገኙም በስልክ፣ አንዷ ሌላዋን ይዛ ትጸልያለች። መጋቢ የሌላቸው ብዙ ናቸው። አንዳንዷ እዚህ አገር እያለች ምንጣፍ ስታነጥፍ እንጂ ጸሎት ስትመራ ታይታ አታውቅም ነበር። እዚያ መሪ የሆነችው ስጦታዋ አየር ላይ ስለተጨመረላት አይደለም፤ እዚህ ሳለች የጠየቃት ሰው አልነበረም። ወደ አገሯ ስትመለስ ተመልሳ ምንጣፍ አንጣፊ እንድትሆን መጠበቃችን ያሳፍራል።

እንግዲህ ለሽማግሌዎችና ለመጋቢዎች፣ ከኮሚቴ ፈቃድ ሳትጠይቁ በሚቀጥለው ሳምንት ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር አለ። በጸሎት ጊዜ ርእሱን ሁሉ አንድ ሰው ከመድረክ ከሚያነብ፣ ሰዉ በአምስት በስድስት ተከፍሎ ይቀመጥና በየክቡ ሌላ ሰው ይምራ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ሲያበቃ መሪው ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ የበሰለ ሰው ጠጋ ብሎ ምን እንደ ከበደው ይጠይቀው። የሽማግሌዎች ስብሰባ ከሕንፃው ጉዳይ በፊት በሰው ይጀምር፤ ማን ደክሟል፣ የማን ቤት ኪራይ አልፏል፣ የማን ልጅ ትምህርት አቁሟል። የሚጸለየውም፣ የሚዋጣውም እዚያው ይወሰን። ከዚያ መጋቢው ራሱ በእርሱ ፋንታ የሚሠሩ ሰዎችን ስም ይናገር፤ ስም ከሌለው እስኪኖረው ድረስ የስብሰባው የመጀመሪያ አጀንዳ ያ ይሁን። በዓመት ውስጥ ሰባት ሳምንት ከአጥቢያው ውጭ ይክረም። ሲመለስ ስንት ነገር እንደተበላሸ መቁጠር አያስፈልገውም፤ ማን እንዳቃናው ይጠይቅ።

የመጨረሻው ሐሳብ ለብዙ መጋቢዎች እንደማይጥም አውቃለሁ፤ ባለፈው ጊዜ ይህን ስናገር ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች እየተያዩ ሳቁ። ሰባቱ ሳምንት ከበዛ ከሁለት ይጀመር። የተመደበልኝ ጊዜ አልቋል፤ ከእናንተ መካከል ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፣ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።